የንጉሥ ሜናንድሮስና የመነኩሴው የናጋሴና ክርክር



በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ይደረግ ስለ ነበረው የጥንት ንግድ የሚናገር፥ በአንደኛው መቶ ዓመተ ምሕረት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የመርከበኞች መምሪያ አለ። የአዱሊስን ወደብና ንጉሥ ዞስካሊስን የሚያነሣ በመሆኑ፥ ስለ አክሱም ታሪክ በተጻፉት መጻሕፍት ዘወትር ይጠቀሳል። ይኸው መምሪያ ወደ ሕንድ በተሻገረ ጊዜ፥ ባሪጋዛ በምትባለው ወደብ የሜናንድሮስ ስም በግሪክ ፊደል የተቀረጸበት አሮጌ የብር ገንዘብ በገበያ ይገኝ እንደ ነበር ይገልጻል። ንጉሡ ከሞተ ያን ጊዜ ከ150 ዓመት በላይ ዐልፎ ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚሁ ንጉሥ ነው፤ ሆኖም ስለ ጦርነቱ ወይም ስለ ገንዘቡ ሳይሆን፥ ከአንድ መነኩሴ ጋራ ስለ አደረገው ክርክር ነው። የክርክሩም ነገር የሰው አእምሮ ምንድን ነው፤ በውስጣችን «እኔ» እያለ የሚናገረውስ ማን ነው የሚል ነው።

ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 ዓመት እስከ ፑንጃብ ዘልቆ እንደ ተመለሰ የታወቀ ነው። ዛሬ አፍጋኒስታን በሚባለው አገርና በአካባቢው የቀሩት ግሪኮች ግን እዚያው ሰፍረው መንግሥት አቆሙ፤ ልጆቻቸውም ተራራውን ተሻግረው ወደ ሕንድ ገቡ። ከእነዚህ ነገሥታት ሁሉ ስሙ የገነነው ሜናንድሮስ ሲሆን፥ የነገሠውም ከልደት በፊት ከ155 እስከ 130 ዓመት ገደማ ነው። መናገሻው ሣጋላ ትባል ነበር፤ ሊቃውንት በዛሬው ፓኪስታን ከምትገኘው ከሲያልኮት ከተማ ጋራ አንድ ናት ይላሉ። በገንዘቡ በአንደኛው ፊት የግሪክ ጽሕፈት፥ በሁለተኛው ፊት የአገሬው ቋንቋ ተቀርጾበታል። የአክሱም ነገሥታትም ገንዘባቸውን አስቀድመው በግሪክ፥ በኋላም በግዕዝ እንዳስቀረጹ የሚያውቅ ሰው የዚህን ምክንያት ለመረዳት አይቸግረውም።

በዚያ አገር በዚያን ዘመን የጎታማ ቡድሃ ትምህርት ተስፋፍቶ ነበር። (የስሙ ድምፅ እኛ ቡዳ ከምንለው ጋራ ቢቀራረብም ምንም ዝምድና የለውም፤ ቡድሃ ማለት የነቃ ማለት ነው።) ንጉሡና ናጋሴና የተባለው መነኩሴ ተከራከሩበት የሚባለውም ነገር «የሚሊንዳ ጥያቄዎች» በሚል ስም በፓሊ ቋንቋ ተጽፎ ቈይቶናል፤ ሚሊንዳ ሜናንድሮስ ማለት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ ወደ ቻይና ቋንቋ የተተረጐመው ግን የፓሊውን የመጀመሪያ ክፍሎች ብቻ የያዘ ስለ ሆነ፥ የቀረው በኋላ የተጨመረ መሆኑን ሊቃውንት ተረድተዋል። መቸም ይህን መጽሐፍ አንድ ጸሐፊ አጠገባቸው ተቀምጦ እንደ ያዘው ቃለ ጉባኤ አድርጎ የሚቈጥረው የለም። ቢሆንም ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነው።

መነኩሴው ለንጉሡ አንድ ውል አቀረበለት። እንደ ሊቃውንት ሆነህ የምትነጋገር ከሆነ እሺ፤ እንደ ነገሥታት ከሆነ ግን አልነጋገርም አለው። ልዩነቱንም ንጉሡ በጠየቀው ጊዜ ሲያስረዳ፥ ሊቃውንት በክርክር ቢረቱ ስሕተታቸውን ይቀበላሉ እንጂ አይቈጡም፤ ነገሥታት ግን አንድ ነገር ይናገሩና ያልተስማማውን ሰው ቅጡ ብለው ያዝዛሉ አለ። ሜናንድሮስም ውሉን ተቀበለ። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ ለንጉሡ ክብር የሚሰጠው ይህ ቦታ ነው።

ክርክሩ ሲጀመር ንጉሡ የመነኩሴውን ስም ጠየቀ። እርሱም ወንድሞቼ ናጋሴና ይሉኛል፤ ይሁን እንጂ ይህ መጠሪያ ብቻ ነው እንጂ ከስሙ በስተ ኋላ የሚገኝ ሰው የለም ብሎ መለሰ። ንጉሡም ተከትለውት የመጡትን 500 ግሪኮች ምስክር አድርጎ፥ ሰው ከሌለ ምግብና ልብስ የሚቀበለው ማን ነው? ሕግ የሚጠብቀውስ ማን ነው? አንድ ሰው መጥቶ ቢገድልህ ነፍሰ ገዳይ አይባልም ማለት ነው እኮ ሲል ተቃወመ። የገዢ ጥያቄ ነው፤ ተጠያቂ የሚሆን ሰው ከሌለ ፍርድ የሚቆመው በምን ላይ ነው?

ናጋሴና የመለሰው በጥያቄ ነበር። ፀሓዩ የበረታ፥ አሸዋውም የጋለ ስለ ነበረ፥ በእግርህ መጣህ ወይስ በሠረገላ? አለው። ንጉሡም በሠረገላ አለ። ሠረገላው መንኰራኵሩ ነውን? ዘንጉ ነውን? ቀንበሩ ነውን? እያለ አንድ በአንድ ቢጠይቀው ንጉሡ ሁሉንም አይደለም አለ። ከነዚህ ሁሉ ውጭ ነውን ቢለው አሁንም አይደለም አለ። በመጨረሻም ሠረገላ የሚባለው እነዚህ ሁሉ ተገጣጥመው ሲገኙ የሚሰጥ ስም መሆኑን ራሱ ንጉሡ ተናገረ። ሰውም እንደዚሁ ከአካል፥ ከስሜት፥ ለይቶ ከማወቅ፥ ከፈቃድ ዝንባሌና ከነቃ ልቡና የተገጣጠመ ነው፤ ናጋሴና የሚባለውም ስም ለዚሁ የተሰጠ ነው ሲል መነኩሴው ደመደመ።

ሠረገላው እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ምሳሌ አይደለም። ፕላቶን «ፌድሮስ» በተባለው መጽሐፉ ነፍስን ሁለት ክንፋም ፈረሶች በሚነዳ ባለ ሠረገላ መስሏታል። በሕንድም «ካታ ኡፓኒሻድ» አካልን ሠረገላ፥ አእምሮን ነጂ፥ ነፍስን ባለቤት ያደርጋል። ሁለቱም የሚፈልጉት በላዩ የተቀመጠውን ነው። ናጋሴና ግን ተቀማጩን ትቶ ሠረገላውን ፈታታው። እኔ ግን ንጉሡ ቶሎ የተረታ ይመስለኛል። ሠረገላ ራሱን ሠረገላ ነኝ አይልም፤ ስሙን የሚያወጡለት ሌሎች ናቸው። ሰው ግን ማንም ሳይጠራው እኔ ይላል።

ንጉሡም ነገሩን አልተወውም። ሌላ ቀን፥ እኛ በዚህ ቤተ መንግሥት ተቀምጠን በምሥራቁም በምዕራቡም መስኮት እንደ ፈቀድን እንደምናይ፥ በውስጣችን ያለው ዐዋቂም በዐይን ያያል፥ በጆሮ ይሰማል አለ። ብዙዎቻችን አእምሮን የምናስበው ይህንኑ በመሰለ አኳኋን ነው። ናጋሴና ግን መስኮት ተነቅሎ ቢጣል ወደ ውጭ ይበልጥ ጠርቶ ይታያል፤ እንግዲያውስ ዐይናችን ቢወጣ ያ ዐዋቂ ይበልጥ ያይ ነበርን? ሲል ጠየቀው። ለንጉሡ መልስ አልተገኘለትም። ማየት የሚገኘው ዐይንና የሚታየው ነገር ሲገናኙ ነው፤ ልቡናም ከዚያው ግንኙነት ይነሣል እንጂ ቀድሞ በውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ አይደለም ሲል መነኩሴው አስረዳ። ይህ መልስ ከሠረገላው እጅግ ይበልጣል።

የፍርዱ ነገር ገና ቀርቷል። ናጋሴና ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ መብራት አስቦ፥ በመጀመሪያው ሰዓት ያለው ነበልባልና በንጋት ያለው አንድ ነውን? አለ። አንድ አይደለም፤ ሌላም አይደለም፤ ወተቱ እርጎ፥ እርጎው ቅቤ እንደሚሆን አንዱ ከሌላው ይወጣል። እንግዲህ አንድ ሰው የሌላውን ማንጎ ሰርቆ ቢያዝ፥ እርሱ የተከለው ዘር ሌላ ነው፥ እኔ የወሰድሁት ፍሬ ሌላ ነው ቢል ይፈታልን? ንጉሡም አይፈታም፤ ፍሬው የተገኘው ከዚያው ተክል ነውና ሲል ፈረደ።

ከእኛ ኑሮ ምሳሌ ለመስጠት፥ አንድ ጡረተኛ ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ቢሄድ በማኅደሩ ውስጥ የቅጥሩን ዕለት ፎቶግራፍ ያገኛል። ጠጕሩ፥ ፊቱ፥ ኀሳቡ፥ ምኞቱ ሁሉ ተለውጧል። ቢሆንም ጡረታው የሚከፈለው ያ ወጣት ላገለገለው አገልግሎት ነው፤ ያ ወጣት የፈረመው የተበላሸ ሰነድ ቢገኝም የሚጠየቀው ይኸው ሽማግሌ ነው። ናጋሴና የሚያቆመው ተጠያቂነት በማይለወጥ ነገር ላይ ሳይሆን በመቀጠል ላይ ነው። ይበቃል ወይ? በቡድሃ ተከታዮች መካከል እንኳ አይበቃም ያሉ ነበሩ፤ ከአምስቱ ክፍሎች ጋራ አንድም ልዩም ነው ሊባል የማይቻል ሰው አለ ብለው ያስተምሩ ነበር። ከ629 እስከ 645 ዓ.ም. የተጓዘው ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግም እነዚህን በሕንድ በብዛት አግኝቷቸዋል።

በአውሮፓም ገና 30 ዓመት ያልሞላው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ሂዩም በ1739 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ወደ ውስጤ በተመለከትሁ ጊዜ የሚፈራረቁ ስሜቶችን እንጂ እኔ የሚባል ነገር አላገኘሁም በማለት ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ይህ አሳቡ እንዳላረካው ራሱ ተናዘዘ። የፓሊው መጽሐፍ በአውሮፓ የታተመው በ1880 ነው።

ስለ ሜናንድሮስ መጨረሻ ሁለት ወሬ አለ። የፓሊው መጽሐፍ መንግሥቱን ለልጁ አስረክቦ መነኰሰ ይላል፤ ይህ ግን በኋላ በተጨመረው ክፍል የሚገኝ በመሆኑ አጠራጣሪ ነው። ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርኮስ በቅን ያስተዳደረ ንጉሥ መሆኑን መስክሮ፥ በጦር ሰፈር እንደ ሞተ ይነግረናል። ከተሞቹም ቀብሩን በኅብረት ካከናወኑ በኋላ ዐፅሙ ለእኛ ይገባል እያሉ ተጣሉ። በመጨረሻም ዐመዱን እኩል ተካፍለው፥ እያንዳንዳቸው ወደየአገራቸው ወስደው የመታሰቢያ ሐውልት አቆሙለት።