ከቴልኔት ወደ ብራውዘር፦ ነባር የጽሑፍ ጨዋታዎችን ሳያፈርሱ ስለ መክፈት

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ መጣጥፍ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቷቸው ነባር የኮምፒውተር ጨዋታዎች በብራውዘር የሚከፈቱበትን መንገድ ይመረምራል። መከራከሪያው፣ ነባሩን ጨዋታ አፍርሶ ከመሥራት በመሀል ታማኝ አስተርጓሚ ማቆም ይሻላል፤ አስተርጓሚው የማይወጣው አንድ ሥራ ግን አለ የሚል ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የተዘጋው በር

የዘርፉ በኵር የሆነውን «መድ» በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሮይ ትራብሾ ሲሆን፣ ያሳደገው ሪቻርድ ባርትል ነው። በ1991 ከኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ዲኩመድ» ደግሞ ብዙ ጨዋታዎችን ወልዷል። ተጫዋቹ «ሰሜን» የሚል ትእዛዝ ሲጽፍ ሰርቨሩ የደረሰበትን ቦታ በቃላት ይስልለታል። መግቢያው ቴልኔት የተባለው ነባር የመገናኛ ደንብ ነው፤ ብራውዘር ግን አንድ ድረ ገጽ ወዳሻው ሰርቨር በቀጥታ እንዲገናኝ ለደኅንነት ሲባል አይፈቅድም። ክፍተቱን ይሸፍን የነበረው ፍላሽም በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጧል።

2. በመሀል የቆመው አስተርጓሚ

መፍትሔው በ2011 ደረጃ የወጣለት፣ ብራውዘር የሚፈቅደው የመገናኛ ደንብ ዌብሶኬት ነው። መሀል ላይ የሚቀመጥ አነስተኛ ፕሮግራም ከብራውዘሩ ጋር በዌብሶኬት፣ ከሰርቨሩ ጋር በቴልኔት ይነጋገራል። ሥራው ግን መልእክት ከማመላለስ ያልፋል። ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ሲጠይቅ 255፣ 251 እና 1 የተባሉ ሦስት ባይቶችን ይልካል፤ ትርጉማቸው «የሚጻፈውን መልሼ የማሳየው እኔ ነኝ» ነው። ሰርቨሩ ይህን ብሎ ዝም ስለሚል የይለፍ ቃሉ ይሰወራል። አስተርጓሚው ምልክቱን ካልተረዳ ግን የተጫዋቹ ምስጢር አጠገቡ ለተቀመጠ ሁሉ ይታያል። ሌላም ጣጣ አለ፦ በአስተርጓሚው ድልድይነት የሚገቡ ሁሉ ለሰርቨሩ ከአንድ አድራሻ የመጡ ስለሚመስሉ፣ የአንድ አጥፊ አድራሻ ሲታገድ ንጹሐኑም አብረው ይታገዳሉ።

3. ተደራሽነት ለማን?

ሥዕል አልባ መሆናቸው እነዚህን ጨዋታዎች ለዐይነ ስውራን ምቹ አድርጓቸዋል። ይሁንና ድረ ገጹ አዲስ የሚመጣውን ጽሑፍ «ይነበብ» ብሎ ካላመለከተ፣ ስክሪን አንባቢው ዝም ይላል፤ ለማየት የከፈትነው በር ለሚሰማው ይዘጋል።

የፊደላችን ጉዳይም አለ። ፊደላትን በባይት በሚወክለው ዩቲኤፍ-8 «ሰ» 225፣ 136 እና 176 የተባሉ ሦስት ባይቶች ናት። ብዙ የዲኩመድ ዝርያዎች ከ127 በላይ የሆነውን ባይት ስለሚጥሉ «ሰላም» የጻፈ ሰው ባዶ መስመር ይልካል። ጥፋቱ የቴልኔት አይደለም፤ የቴልኔት ትእዛዝ መነሻ የሆነው 255 በዩቲኤፍ-8 ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም። ማነቆው በሰርቨሩ ኮድ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ነው።

ማጠቃለያ

አስተርጓሚ የተነገረውን ያደርሳል፤ አድማጩ የጣለውን ፊደል ግን መመለስ አይችልም። ስለዚህ ድልድዩ ለብራውዘር ይሠራ፤ ማጣሪያውን ግን የጨዋታው ባለቤቶች ራሳቸው ያንሡት። ያኔ «ሰላም» ያለ ሰው ሰላምታው ይደርስለታል።