ከመኪና ነፃ እሑድ፦ ከ1966ቱ ቤንዚን እስከ ኮምቦልቻ ሜዳ

ጥቅምት 1966 ዓ.ም. የዓረብ ሀገራት ነዳጅ ሲከለክሉ ሆላንድ እሑድ መኪና መንዳትን አገደች፤ ሕዝቡ በሳይክል አስፋልቱን ሞላው። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ቤንዚን ተወደደ፤ የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ አብዮቱም ፈነዳ።

ከ45 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ «መንገድ ለሰው» በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ተጀመረ። አስፋልቱ ለጥቂት ሰዓት ለእግረኛና ለሳይክል ተለቀቀ።

ደሴ ላይ ይህ ይከብዳል። ከተማዋ ጦሳ ሥር ያለች ዳገት ናት፤ ወደ መቀሌ የሚሄደው አውራ ጎዳናም መሀሏን ያልፋል። ከሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁል ያለችው ኮምቦልቻ ግን ሜዳ ናት፤ የፋብሪካ ሠራተኛ በሳይክል ሥራ ሊገባባት ይችላል። የወሎ እሑድ ከዚያ ይጀመር። ሰኞ ጠዋት ሳይክለኛውን ከከባድ መኪና የሚለየው መስመር ግን ከእሑዱ በፊት ይሠመር።