ደስታ የተባለው መቅሠፍት

«ደስታ» የሚባል የከብት በሽታ ነበር ቢሉት የከተማ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ከብት አርቢው ግን በዚህ ስም ስቆ አያውቅም። እናት አያቴ «ደስታ ገባ» የሚለውን አነጋገር ከአያታቸው እንደ ሰሙት ሲያወጉኝ፣ ነገሩ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ክፉን በስሙ መጥራት መጋበዝ ነው ብሎ የሚፈራ ሕዝብ፣ በረቱን ባዶ ላስቀረበት መቅሠፍት የሠርግ ቤት ስም ያወጣለት እንዳይከፋበት ይመስለኛል።

ፈረንጆቹ «ሪንደርፔስት» ይሉታል፤ ጀርመንኛ ነው፤ የከብት መቅሠፍት ማለት ነው። እነሱ አላቆላመጡትም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ የሰው ኩፍኝ የቅርብ ዘመድ ነው። የያዘው በሬ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ አፉ ውስጥ ይቆሳስላል፤ ከዚያ ያስቀምጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይወድቃል። በሽታውን ከዚያ በፊት አይቶ በማያውቅ አገር ከገባ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ሊጨርስ ይችላል።

የእኛ አገር እንዲህ ያለ አገር ነበር። ጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያንን ጦር ከደመሰሱ በኋላ ሮማ ብዙ ሺህ ወታደር ወደ ምፅዋ ላከች። ወታደር ሥጋ ይፈልጋል። የታሪክ ጸሐፊዎች በአብዛኛው እንደሚስማሙት ከህንድ በመርከብ የመጣው የቀለብ ከብት በሽታውን ይዞት ወረደ። ከዚያ ደጋውን ወጣ፤ ትግራይን፣ ጎንደርንና ጎጃምን አዳርሶ በ1881 ዓ.ም. ሸዋን ይፈጅ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ኢጣሊያ ሆን ብላ ያደረገችው ተንኰል ነው ይላል። እኔ አይመስለኝም። በዚያን ጊዜ ቫይረስ የሚባለውን ነገር ያወቀ ሐኪም በዓለም ላይ አልነበረም፤ የራሳቸውም የጦር ከብት አልቋል። ከመቅሠፍቱ ግን ተጠቅመዋል፤ እሱን ቆይተን እናያለን።

በሬ ሲያልቅ ምን ይሆናል? የከተማ አንባቢ ሥጋና ወተት የጠፋ ያህል ብቻ እንዳይመስለው እፈራለሁ። በሬ ሞተር ነው። ሞፈሩና ቀንበሩ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ፣ ዘሩ በጎታው እያለ፣ መሬቱ ጦም አደረ። በዚያው ላይ ድርቁና አንበጣው ተደረበ፤ እህል ከወርቅ ተወደደ፤ ጎታው ውስጥ የነበረው ዘርም ተበላ። ሰው አህያና ፈረስ እስከ መብላት ደረሰ፤ ይህ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ምን ማለት እንደ ነበር መናገር አያሻም። ዐፄ ምኒልክ ሕዝቡ በዶማ እየቆፈረ እንዲዘራ አዘዙ፤ ቁፋሮ የበሬ ባለቤት ለነበረ ገበሬ ውርደት ነበርና እሳቸው ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ አሳዩ። የነጋሢው ቁፋሮ ስንቱን እንዳበላ አላውቅም፤ ቢያንስ ግን ነፍጥ ከሚያሳዩት ይልቅ የዚያን ቀን ምኒልክን እወዳቸዋለሁ።

ክፉ ቀን የሚባለው ይኸው ነው፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ዘለቀ። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚለው አባባል በየመጽሐፉ ይደጋገማል። ቆጠራ ባልነበረበት ዘመን ሲሶ ማለት «እጅግ ብዙ» ማለት ነው ብዬ አነበዋለሁ።

ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። በዚያው ክረምት ኢጣሊያ ያለ ብዙ ውጊያ አሥመራ ገባች። ከፊቷ ያለው አገር የተራበ፣ ግማሽ ባዶ አገር ነበር። ባለቤቱ የሞተበትንና የተሰደደበትን እርሻ «ባለቤት የሌለው መሬት» ብላ ለሰፋሪዎቿ ትቆርስ ጀመር። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በ1887 ዓ.ም. ያመፁት በዚህ መሬት ምክንያት ነው፤ በአመፁም ተገደሉ። የዓድዋን ጦርነት ከውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ብቻ የሚጀምር አስተማሪ ሁሉ ከዚህች ቁራሽ መሬት ቢጀምር ደስ ይለኝ ነበር።

በሽታው በእኛ አላበቃም። ወደ ደቡብ ወረደ፤ የማሳይን ከብት ጨረሰ። ሉጋርድ የተባለው እንግሊዛዊ መኮንን በ1890 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ሲያልፍ የጎሽ ሬሳ በየሜዳው ተረፍርፎ አይቷል። ጎሽ፣ ቀጭኔ፣ አጋዘን፣ ሁሉም ተለከፉ። በ1896 ዛምቤዚን ተሻገረ፤ በዓመቱ እስከ ኬፕ ደረሰ። ቅኝ ገዥው በየሄደበት የተራበና የተሰበረ ሕዝብ ቆየው።

ከዚያ በኋላ አርቢው የዱር አውሬን መክሰስ ለመደ፤ ጎሹ ነው የሚያመጣብን ተባለ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆኖ ተገኘ። በሰሬንጌቲ ዙሪያ ከብቱ ሲከተብ በሽታው ከአውሬዎቹም ጠፋ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሩብ ሚሊዮን ያህል የነበረው የዋይልድቢስት መንጋ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ለካስ አውሬው ከከብት ነበር የሚቀበለው።

ክትባቱን የሠራው እንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕሎራይት ነው፤ ኬንያ፣ ሙጉጋ። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ አይያዝም። ቫይረሱም ከከብት ከወጣ ፀሐይ አይችልም፤ ቶሎ ይሞታል። በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጋራ ዘመቻ በሽታውን ከአፍሪካ ሊያጠፋው ጥቂት ሲቀረው መንግሥታቱ ተዘናጉ፤ በ1980ዎቹ ተመልሶ መጣ።

በእኛ በኩል የመጨረሻው ምሽግ አፋር ነበር። ክትባቱ በበረዶ ካልተያዘ ይበላሻል፤ በአፋር በረሃ ደግሞ በረዶ የለም፤ መኪናም የማይደርስበት ቦታ ብዙ ነው። ሙቀት የሚችል ክትባት ከተሠራ በኋላ በ1994 እ.ኤ.አ. 20 ያህል አፋሮች ሠልጥነው ወደየመንጋቸው ሄዱ፤ 73 ሺህ ያህል ከብት ከተቡ። ከብቱ የት እንደሚሰማራ፣ ማን ታሞበት እንደ ደበቀ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የእነዚያን አርብቶ አደሮች ስም የያዘ ሐውልት አላየሁም።

በዓለም የመጨረሻው በሽተኛ በ2001 እ.ኤ.አ. በኬንያ የሜሩ ብሔራዊ ፓርክ የተገኘ ጎሽ ነው። ሰኔ 2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን ዐወጀ፤ የሰው ልጅ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ያን ቀን ምን ሲያወራ እንደ ዋለ አላስታውስም፤ ስለ ደስታ ግን አልነበረም።

ፈጽሞ ጠፋ ማለት ግን አይደለም። ቫይረሱ እንዲቀመጥባቸው በዓለም ደረጃ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ቤቶች አንዱ ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። ምፅዋ በመርከብ የገባው በሽታ ዛሬ ከአዲስ አበባ አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ፣ በቁልፍ ተይዞ ይኖራል። ቅዳሜና እሑድ ለሐይቁ ብለን በዚያ በኩል እናልፋለን።