ኬላና ሞሶብ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. ስለነበረው የኑሮ ውድነት ሲወሳ የከተማው ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ኬላን ነው። የደርግ አገዛዝ ገበሬውን ከምርቱ ኮታ ቆርጦ በርካሽ ተመን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ አስገደደው፤ እንደ ጎጃምና አርሲ ካሉ እህል አምራች ክፍላተ ሀገር ነጋዴው እንደ ልቡ ጭኖ እንዳይወጣም መንገዱን በኬላ ዘጋ። ከተሰበሰበው ላይ ሠራዊቱ ድርሻውን ይወስዳል። በቀበሌ ኅብረት ሱቅ የሚታደለው ራሽን ወር አያደርስም ነበርና፣ እናቶች ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ጥቂት ጣሳ ጤፍ በልብስ ጠቅልለው ያሳልፉ ነበር። የገዛ አገር እህል ኮንትሮባንድ ሆነ ማለት ነው! ይህም ያልሆነላት ጤፉን በማሽላ ወይም በበቆሎ ትደባልቃለች፤ እንጀራው ግን በማግሥቱ ይደርቅባታል፣ ይሰባበርባታል። ኮታው የተነሣው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነበር።

ደርግን የተካው ኢሕአዴግም በ2003 ዓ.ም. በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ። ስኳርና ዘይት ወዲያው ከሱቅ ተሰወሩ። ከወራት በኋላ የአብዛኛው ሸቀጥ ተመን ተነሣ፤ የስኳርና የዘይት ሰልፍ ግን በሸማቾች ማኅበራት ደጃፍ ቀረ።