የማይገጥመው ስንጥቅ

በጎንደር በኩል፣ በሳንጃ ቆላ ምድር ስትሰነጠቅ ማንም አይደነግጥም። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ማሽላው ተሰብስቦ፣ በጋው ሲከር ዋልካው ይደርቅና አፉን ይከፍታል። ስንጥቁ የሰው እግር ያስገባል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዱላውን ሰዶ ጥልቀቱን ይለካበታል፤ አንዳንዴም ዱላው እዚያው ይቀራል። ክረምት ሲገባ ዝናቡ ዋልካውን ያርሰውና ስንጥቁ ይገጥማል። በዓመቱ እንደገና ይከፈታል።

ከሳንጃ ወደ ምሥራቅ፣ በአየር 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን የክረምት ዝናብ የማያገጥመው ስንጥቅ አለ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ ደባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ ዙሪያ ምድር ያለ ዕረፍት ተናጠች። ከሥር የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ እየተሰነቀረ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ መስመር መሬቱን ከፈለው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የስንጥቁ ሁለት ወገኖች እስከ 8 ሜትር ተራራቁ። የኢትዮጵያ ርዕደ መሬት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ስንጥቅና እሱ ያለበት የስምጥ ሸለቆ ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ በዝግታ በሚንሸራተቱ ግዙፍ ገበታዎች የተከፋፈለ ነው። አፋር ላይ ሦስቱ ይገናኛሉ፤ የዐረቢያ፣ የሶማሊያና የኑቢያ። ሳንጃ ያለችው በኑቢያው ገበታ ላይ ሲሆን ሐረር ደግሞ በሶማሊያው ላይ ናት። ሁለቱ ከተሞች በየዓመቱ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ሰባ ዓመት የኖረ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢለካው አንድ ክንድ አይሞላም። ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ ወዲህ እንኳ ቢቆጠር ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ ምድር ይህን በየዓመቱ አለመክፈሏ ነው። ዐለቱ ውጥረቱን ይዞ ይቆይና አንድ ቀን ይለቀዋል። ዕዳው ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ በሴኮንዶች ይከፈላል።

ከእነዚህ ክፍያዎች የጥቂቶቹ ወሬ ደርሶናል። እ.ኤ.አ. በ1704 ጎንደርን የመታ ርዕደ መሬት የዐፄ ኢያሱን ግንብ እንደ ጎዳው ይነገራል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1835 ዓ.ም.፣ አንኮበር ላይ ምድር ስትናወጥ በዝናብ የራሰው ተረተር ተንዶ ቤቶችን ይዞ ወረደ። በነሐሴ 1898 ዓ.ም. ደግሞ በላንጋኖ አካባቢ የተነሣው፣ መጠኑ 6.8 ገደማ የተገመተው መንቀጥቀጥ፣ የምኒልክን አዲስ አበባ ሳይቀር አስደነገጠ።

እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያው የሰው ትዝታ ነበር። መሣሪያው የመጣው በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ካህን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ሲያቋቁሙ ነው። ጣቢያው ገና ሳይጠነክር ፈተናው መጣ። ግንቦት 24 ቀን 1953 ዓ.ም. ካራቆሬ የተባለችውን ከተማ የመታው፣ መጠኑ 6.5 አካባቢ የሆነው ርዕደ መሬት፣ የማጀቴን ከተማ ከሥሯ አፈረሳት፤ ከካራቆሬ ቤቶችም ብዙዎቹን ጣለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴና አስመራ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ሰነጠቀ። ነውጡ በአንድ ቀን አልበቃም፤ ተከታታይ ንዝረቱ ክረምቱን ሙሉ ዘለቀ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ፈረሰች፤ ሰውም ሞተ። ጉዋን ከዜና መዋዕልና ከተጓዦች ማስታወሻ የለቀሙትን ከመሣሪያው መዝገብ ጋር አስማምተው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የርዕደ መሬት ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ።

ከዚያ ወዲህ የስንጥቁ ዜና ሌላ ትውልድ ላይ ደርሷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድር ወራት ሙሉ ተናጠች። ታኅሣሥ 26 መጠኑ 5.7 ገደማ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የደረሰ ንዝረት ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ሌሊት መብራቱ ሲወዛወዝ አይቶ ልጆቹን አቅፎ በደረጃ ወረደ። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ደረሰ።

ሳንጃ ይህን ሁሉ የምትሰማው በራዲዮና በስልክ ነው። ከሸለቆው ርቃ በገበታው ውስጠኛ ክፍል ስለ ተቀመጠች ሥጋቷ ዝቅተኛ ነው፤ ዝቅተኛ ማለት ግን ባዶ ማለት አይደለም። ከመተማ ወዲያ ማዶ፣ ከስምጥ ሸለቆው የራቀችው ካርቱም እንኳ በሐምሌ 1985 ዓ.ም. ተናውጣለች። ደግሞም ቆላው ከስንጥቁ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከሳንጃ ቀና ሲሉ የሚታየው ደጋ፣ እስከ ስሜን ተራሮች ድረስ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ የፈሰሰ ጥቁር ዐለት ነው፤ የዐረቢያና የአፍሪካ መለያየት የተጀመረውም በዚያው ዘመን አካባቢ ነው። ዐለቱ ተሸርሽሮና በስብሶ ጥቁር አፈር ሆነ። ሰሊጡን የሚያበቅለው ዋልካ የዚያ እሳት ልጅ ነው።

በሳንጃ ቆላ ቤት የሚሠራ ሰው የዋልካን ጠባይ ያውቃል። መሠረት ሳይጥል ዋልካውን ቆፍሮ ያወጣል፤ በምትኩ ገረጋንቲ ሞልቶ ይጠቀጥቃል። ይህን ማስታወቂያ አላስተማረውም። ዋልካው በየዓመቱ ስለሚከፈት፣ የሰነፈ ሰው ግድግዳ በሁለተኛው በጋ ሲሰነጠቅ ጎረቤት ሁሉ ያያል።

የሸለቆው ስንጥቅ ግን አንዱን ሰፈር የሚያስተምረው በብዙ ዓመት አንዴ ነው። ማጀቴ ስትፈርስ ያየ ሕፃን ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ የልጅ ልጁ ግን እዚያው ሰፈር ፎቅ ሊያቆም ሲነሣ ስለ ብረቱ ዋጋ እንጂ ስለዚያ ክረምት ላይጠይቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የሕንፃ ኮድ አገሪቱን በርዕደ መሬት ሥጋት ደረጃ ከፋፍሎ፣ ለየትኛው ቦታ ምን ዓይነት አሠራር እንደሚያስፈልግ ደንግጎ ነበር። እንዲህ ያለ ኮድና የጉዋን መጽሐፍ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው፤ ያን ረጅም ጊዜ አሳጥሮ እንደ ዋልካው በየበጋው የሚታይ ማድረግ። ወረቀቱን ያላየ ግንበኛ፣ ቢያንስ ከመቆፈሩ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌ ይጠይቅ።