ገታሪ የአከርካሪ ብግነት፦ ስለ አንድ የሕመም ስም

ለሕመምተኞች በሚታደሉ ወረቀቶችና ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወሩ ትርጉሞች ውስጥ «ተቀጣጣይ የአከርካሪ አርትራይተስ» የሚል ስም እየተለመደ መምጣቱን ሳይ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም። ተቀጣጣይ በቋንቋችን እሳት ሲነካው የሚነድ ነገር ማለት ነው፤ በቤንዚን ቦቴ ላይ የሚጻፈውም ሰው እሳት ይዞ እንዳይጠጋ ለማስጠንቀቅ ነው። ይህን ቃል ወስዶ ሌሊቱን በሥቃይ ለሚያነጋ ሰው የደዌው ስም አድርጎ መስጠት ቋንቋውንም ሕመምተኛውንም መበደል ነው።

ሕመሙ በባዕድ ስሙ አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ይባላል፤ የስሙም ሥር ከጽርዕ (ከግሪክ) ልሳን የተቀዳ ነው። «አንኪሎስ» ቀድሞ የጎበጠ፣ የተቆለመመ ማለት ሲሆን፣ ኋላ በሐኪሞች አነጋገር መገጣጠሚያ ደርቆ አልታጠፍ አልዘረጋ የሚልበትን ሁኔታ ለመግለጽ ዋለ፤ «ስፖንዲሎስ» የአከርካሪን አንጓ ይሰይማል፤ በመጨረሻ የተቀጠለውም «አይተስ» ብግነትን ያመለክታል። የሰውነት መከላከያ ኀይል በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ አከርካሪና ዳሌ የሚገናኙበትን መጋጠሚያ ሲያበግን፣ ከዓመታትም በኋላ በአንጓዎቹ መካከል አዲስ ዐጥንት በቅሎ አንዱን ከአንዱ ሲያያይዝ፣ ይህ ደዌ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው 45 ዓመት ሳይሞላው ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ሊቃውንት ኤች ኤል ኤ ቢ 27 ከተባለው የዘር ምልክት ጋር መዛመዱን ደርሰውበታል፤ ምልክቱን ይዘው ከተወለዱት ግን የሚበዙት በሕይወት ዘመናቸው አይታመሙም።

በምትኩ የማቀርበው ስም «ገታሪ የአከርካሪ ብግነት» ነው፤ ከሦስቱ ቃላት ቀላሉ ብግነት ነው። ሕዝባችን «ጉሮሮዬ ተቆጣ»፣ «ቁስሉ ተቆጣ» ማለቱ መልካም አነጋገር ቢሆንም፣ ቁጣ ብቻውን ሲቆም የሰውን ጠባይ ስለሚያስታውስ ለደዌ ስም አይመችም። ብግነት ግን በገነ ካለው ግስ የወጣ ነው፤ አንጀቱ የበገነ ሰው ነበልባሉ ለሌላው ሳይታይ በውስጡ እንደሚቃጠል፣ ይህም ሕመም ቁስል ሳያወጣ መግልም ሳይቋጥር ውስጥ ለውስጥ ያቃጥላል። በዚህም ብግነት ከመመርቀዝ ይለያል፤ ልዩነቱም የቃላት ብቻ አይደለም፤ ምክንያቱም በአገራችን አከርካሪን የሚይዝ የቲቢ በሽታ ስላለ፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት የአንዱን መድኀኒት ለሌላው ወደ መስጠት ሊያደርስ ይችላል።

ስለ አከርካሪም ክርክር አለ። የግዕዝ ወዳጆች «ብግነተ ዘባን» ቢባል ይመርጣሉ፤ ለጆሮ የሚያምር መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ዘባን ጀርባን በሙሉ የሚጠቀልል ከመሆኑ በላይ ከቤተ ክህነት ደጃፍ ውጪ የሚያውቀው ጥቂት ነው። «ሕብለ ሰረሰር» የሚሉም አሉ፤ እርሱ ግን በዐጥንቱ ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ እንጂ ዐጥንቱ ራሱ አይደለም። አከርካሪን ግን ከሥጋ ቆራጭ ጀምሮ እስከ ሐኪም ድረስ የማያውቀው የለም።

ዋናው ጭንቅ «አንኪሎሲንግ» ላይ ነው። «አጣባቂ» ሙጫን ያስታውሳል። «አጎባጭ» ለጽርዑ ሥር የቀረበ ነው፤ በሉቃስ ወንጌል በ13ኛው ምዕራፍ የተጻፈችውን፣ 18 ዓመት ጎብጣ ቀና ማለት ያልቻለችውን ሴትም ያስታውሳል፤ የእርስዋን ደዌ ከዚህኛው ጋር ያዛመዱ ሐኪሞችም አሉ። ሆኖም አጎባጭ የሚለው ስም የደዌውን መጨረሻ አስቀድሞ በሕመምተኛው ላይ ይፈርዳል፤ ዛሬ በጊዜ የታከመ ሰው ግን መጉበጥ ዕጣው አይደለም። እኔ የምመርጠው «ገታሪ» የሚለውን ነው፤ ምክንያቱም ሕመምተኛው ራሱ ማለዳ ካልጋው ጫፍ ተቀምጦ ካልሲውን ለማጥለቅ ጎንበስ ማለት ሲሳነው «ገትሮ ያዘኝ» ይላልና።

ቃሉ የሕክምናውን መንገድም ያሳያል። ወገቤን ያለውን ሰው ቤተ ዘመዱ «ብርድ ነው፣ ጋደም በል» ይለዋል፤ ሸክም ላጎበጠው ወገብ ይህ ምክር ደግ ሊሆን ይችላል። ገታሪው ሕመም ግን በዕረፍት ይብሳል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀሰቅሳል፣ ማለዳም ከግማሽ ሰዓት በላይ ይገትራል፣ በእንቅስቃሴ ግን ይፍታታል። ስለዚህ የዕለት ተዕለት ማፍታቻ፣ ዋና፣ ደረትን የሚያሰፋ አተነፋፈስና ሲጋራን መተው ከሕክምናው ክፍሎች ናቸው። እንደ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ያሉት ፀረ ብግነት መድኀኒቶች ሆድንና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ በሐኪም ዐይን ሥር ይወሰዳሉ፤ እነርሱ ካልበቁ በመርፌ የሚሰጡ ብርቱ መድኀኒቶች አሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የተደበቀ ቲቢን ስለሚቀሰቅሱ አስቀድሞ ምርመራ ያስፈልጋል። አንጓዎቹ የተያያዙበት አከርካሪ በቀላሉ የሚሰበር በመሆኑ ለወጌሻ ጉተታ መስጠት አደገኛ ነው። ይህን ሁሉ «የሕመም አስተዳደር» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ከራሱ ከሕመም ሥር የበቀለ «ማስታመም» የሚል ቃል ሳለን አስተዳደርን ከመሥሪያ ቤት ማስመጣት ለምን አስፈለገ?

ተርጓሚዎችና የሕክምና ሊቃውንት ይህን ስም መርምራችሁ፣ የተሻለ ካላችሁ አውጡት፤ ከሌላችሁ በዚህ ጻፉ። አንተም አንባቢ፣ ወይም ከቤተ ሰዎችህ አንዱ፣ ወገቡን ከሦስት ወር በላይ ከታመመና ሕመሙ በዕረፍት የሚብስ ከሆነ፣ ወደ ሐኪም ሂዱና «ማለዳ ማለዳ ይገትረኛል፣ ስንቀሳቀስ ይለቀኛል» ብላችሁ በዚሁ ቃል ንገሩት።