ቴሌቪዥንና የደባሎች ማታ በአሰበ ተፈሪ

የጨርጨርን አገር ሲገዙ አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን ቴአትር ጽፈው በአዲስ አበባ በመኳንንቱ ፊት ያሳዩ ሰው ናቸው። በአራዊት ተረት ተመስሎ የቀረበው ይህ ጨዋታ የመንግሥቱን አሠራር የሚነቅፍ ሆኖ ስለ ተገኘ ተከለከለ፤ ይሁን እንጂ ሰዎች ባንድ አዳራሽ ተቀምጠው ባንድ ነገር መሳቅና መፍረድ እንደሚችሉ አሳይቶ ነበር። ዛሬ ጭሮ ተብላ የምትጠራው ከተማቸው እኔ ባወቅኋት ዘመን ይህን የመሰለውን ማኅበር ያገኘችው በቴአትር አዳራሽ ሳይሆን፥ በተከራዮች ክፍል ውስጥ በተቀመጠ አንድ የቴሌቪዥን ሣጥን ፊት ነው።

ቴሌቪዥን በኢትዮጵያ ሥራውን የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፥ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ከተሰናዳ ስቱዲዮ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሥርጭቱ ከዋና ከተማዪቱና ከአካባቢዋ አላለፈም፤ ሣጥኑም ውድ ስለ ነበረ ከጥቂቶች ቤት በቀር አይገኝም። ከዚህም የተነሣ ብዙው ሰው ቴሌቪዥንን ያወቀው በጎረቤት ቤት ተቀምጦ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኃብ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋራ ተቀላቅሎ ታየ፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን ተቀምጦ ማየት ለማን ይቻለዋል?

ሥርጭቱ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ከደረሰ በኋላ፥ በአሰበ ተፈሪ እንደ ገለምሶና እንደ ሂርና ሁሉ፥ ከሩቅ አገር ተመድበው የሚመጡት አስተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚከራዩት በደባልነት ነበር። ደባል ወንድም አይደለም፤ እንግዳም አይደለም። የውሃ ተራና የመብራት ሒሳብ ያጣላዋል፤ ናፍቆቱን ለመናገር ግን ያፍራል። ሐረርጌ የበርጫ አገር ስለ ሆነ የአገሩ ሰው አብሮ መቀመጥን ያውቅበታል፤ የተቸገርነው እኛ መጤዎቹ ነን።

በእኛ ቤት ሣጥኑ የአንዱ፥ ማየቱ የሁላችን ነበረ። አንዱ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ አንቴናውን ሲያዞር፥ ሌላው ከበሩ ቆሞ «ጠራ! ኧረ ጠፋ!» ይለዋል። የአከራያችን እናት አማርኛ ስለማይሰሙ፥ ከመካከላችን የወለጋው ልጅ ዜናውን በኦሮምኛ ይመልስላቸው ነበር፤ የወለጋ አነጋገሩ ለሐረርጌ ጆሮ እንግዳ ነውና፥ እርሳቸው ከዜናው ይልቅ በአተረጓጐሙ ይስቃሉ። እርሱም ስለ ተሳቀበት ከቤተ ሰቡ እንደ አንዱ ተቈጠረ።

መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም.፥ በደመራ ዋዜማ፥ በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10 ሺሕ ሜትር ሩጫ ተደረገ። የሲድኒ ማታ ለእኛ ቀትር ስለ ነበረ ምሳ ሳንበላ ተሰበሰብን። በመብራት ሒሳብ ምክንያት ከሰኔ ጀምሮ ያልተነጋገሩ ሁለት ደባሎች በሁለት ጥግ ተቀምጠዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ብቻ ሲቀድመው፥ ሁለቱ ከክፍሉ መካከል ተቃቅፈው ይዘሉ ነበር። ሒሳቡን ማን እንደ ከፈለው አላስታውስም።

ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ሊያወጣው ያልቻለውን ነገር፥ ጎን ለጎን ተቀምጦ ወደ ሌላ ነገር እየተመለከተ ያወጣዋል። እናቱ የሞተችበት አንድ ጓደኛችን፥ አንድ ማታ ድራማ ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። በድራማው የሞተ ሰው አልነበረም። ማንም አልጠየቀውም፤ አንዱ ብቻ ተነሥቶ ሻይ ቀዳለት።

ዛሬ ዲሹ በየጣራው፥ ስልኩም በየእጁ ሆኗል፤ ደባሉም በየአልጋው ላይ የየራሱን ያያል። ይህን ሁሉ በክፉ አልፈርደውም። እኒያ እናት ዛሬ ቢኖሩ በኦሮምኛ የሚናገሩ ጣቢያዎች ስላሉ ተርጓሚ አያሻቸውም፤ ይህም የሚገባቸው ነበር። የወለጋው ልጅ ግን በምን ሰበብ ከቤታቸው ይገባ ነበር እላለሁ።

በዚያ ዘመን መብራት ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ የሚጠፋውም፥ እንደ ተመካከረ ሁሉ፥ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው። ያን ጊዜ ወደ አልጋው የሚሄድ አልነበረም። በጨለማው ውስጥ እንደ ተቀመጥን እያንዳንዱ የፊልሙን ፍጻሜ እንደ መሰለው ይተርካል፤ አሮጊቲቱም ተተርጕሞላቸው ሲያበቃ፥ «አይደለም፥ ልጅቱ ወደ እናቷ ትመለሳለች» ይሉ ነበር።